ስምንት ሰው የያዘ መጎናጸፊያ

በቅሎዋ ወደ ሞንቴሉፓዮ የሚያወጣውን የመጨረሻ ጠመዝማዛ ልትጀምር ስትል ቆመች፤ ባለበቅሎው ሜንኮም አልነካትም። ከፔሩጃ ጀምሮ በእግር ነው የመጡት፤ እሷ፣ እሱና ሠዓሊው። በጎኗ በሰም የተነከረ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጥቅል ታስሯል። ሠዓሊው መምህር ኖፍሪ መንገዱን ሁሉ አንድ እጁን ከዚያ ጥቅል ላይ አላነሳም፤ ሕመምተኛ ደግፎ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

«እጅዎ አልዛለም፣ መምህር?» አለው ሜንኮ።

«ዝሏል።»

«ታዲያ ይልቀቁታ። በቅሎዬ ካርዲናል ተሸክማ ታውቃለች፤ እሱም አልወደቀ።»

«ካርዲናል ቢወድቅ ይነሣል። ይሄ ቢወድቅ ይሰነጠቃል።»

ዘመኑ ቸነፈር ከሸለቆው ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየዘለለ ወደ ላይ የሚወጣበት ዘመን ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ከሐኪም በፊት ሠዓሊ ይጠራል። የምሕረት እመቤት መጎናጸፊያዋን ዘርግታ፣ ሕዝቡ ከሥሯ ተጠልሎ፣ በሰፊ የተልባ እግር ሸማ ላይ ትሣላለች። ከዚያ እንደ ሰንደቅ በእንጨት ተሰቅላ ለምሕላ ትወጣለች። ከመጎናጸፊያዋ ሥር ተሥሎ የተገኘ ሰው ቸነፈር አይነካውም ይባላል። ይባላል ነው የምላችሁ። ግን ሞት ደጅ ሲደርስ «ይባላል»ን ሰው እንደ ግድግዳ ይደገፈዋል።

ሜንኮም ተደግፎታል። ሚስቱ ጄማ ብብቷ ሥር እብጠት ታይቶባት ከፋሲካ ወዲህ ከግንቡ ውጭ ባለው የቸነፈር ቤት ነው ያለችው። እሱ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጄማ ከዚያ መጎናጸፊያ ሥር እንድትገኝ።

«መምህር» አለ በቅሎዋ እርምጃ ስትጀምር፣ «ከእመቤታችን ሥር ስፍራ አለ?»

ሠዓሊው ጥቅሉን አስተካከለ። ልጅ ሆኖ ከዚሁ ከተማ ወጥቶ ፍሎሬንሳ ገብቶ የተማረ ሰው ነው፤ ጠጉሩ ሸብቶ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለሰው። «ሲገለጥ ታየዋለህ» አለ።

የቸነፈሩ ቤት ከመንገዱ በላይ፣ ከከተማው በታች፣ በሁለቱ መካከል ባለች ጉብታ ላይ ነው። ጄማ የበቅሎዋን ቃጭል ሰምታ ከሰገነቱ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ምላሷ ግን ደህና ነው።

«መጣህ? እኔ ደግሞ በቅሎዋ ብቻዋን የመጣች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«እኔም ናፍቀሽኛል» አላት ሜንኮ።

«ዶሮዎቼስ?»

«አሉ። ከእኔ ይልቅ እነሱ ወፍረዋል።»

«ያ ነው ሥዕሉ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ አለሁበት?»

ሜንኮ ወደ ሠዓሊው ዞረ። ሠዓሊው ወደ መሬት አየ።

«ሲገለጥ እነግርሻለሁ» አላት ሜንኮ።

*

ጥቅሉ ሥዕሉን ባሠራው ማኅበር የጸሎት ቤት በማግሥቱ ጠዋት ተገለጠ። የማኅበሩ አለቃ ውል ጸሐፊው ሴር ላፖ ነው፤ ቀጭን፣ ጠንቃቃ፣ ሲፈራ የሚቆጣ ሰው። አጠገቡ በርጩማ ላይ እናቱ ሞና አኞላ ተቀምጣለች። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጆሮዋ ግን የሁለት ሰው ነው።

ሸማው እንደተዘረጋ ሁሉም ጸጥ አለ።

እስከዚያ ቀን ድረስ እኛ የምናውቃት እመቤት በግድግዳው ላይ ያለችው ናት፤ የቀድሞው ሠዓሊ የአያ ፔትሩቾ ሥራ። ከኋላዋ ወርቅ ብቻ ነው፤ ሰማይ የለ፣ መሬት የለ። እሷ እንደ ደወል ቤት ረዝማ ቆማለች፤ ሕዝቡ ከእግሯ ሥር እንደ አተር ተዘርግፏል። የመምህር ኖፍሪ እመቤት ግን መሬት ረግጣ ቆማለች። ክብደቷ በአንድ እግሯ ላይ ነው፤ ልጅ ታቅፋ የቆየች ሴት እንዲያ ነው የምትቆመው። ጥላዋ ወደ ጎን ወድቋል። ሰማዩ የእኛው የማለዳ ሰማይ ነው፤ ከግርጌው ነጣ፣ ወደ ላይ ጠቆር ያለ። የመጎናጸፊያዋ እጥፋት ስለሚከብድ ክንዶቿ ትንሽ የደከሙ ይመስላሉ።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ሞና አኞላ። «ንገሩኝ እንጂ።»

«እመቤታችን ሴት ሆናለች» አላት ሥጋ ሻጩ ቦና።

«ድሮስ ምን ነበረች?»

ሰው ሳቀ። ሞና አኞላ ፊቷን ወደ ሸማው መልሳ እየሰማች ቀረች፤ ሥዕል የሚሰማ ይመስል። ለትንሽ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር። ኋላ ግን ቦና ቀረብ ብሎ ከመጎናጸፊያው ሥር ያሉትን በጣቱ ይቆጥር ጀመር። በቀኝ አራት፣ በግራ አራት ሰዎች ተንበርክከዋል፤ መልካቸውን ማኅበሩ አስቀድሞ ጽፎ ልኮለት ነበር። ሴር ላፖ ራሱ አለ፣ ከነአፍንጫው ኪንታሮት። ቄሱ አለ። ዳኛው ከነሚስቱ አለ።

«ስምንት» አለ ቦና። «ሌሎቻችንስ የት ነን? ከጀርባዋ ነን?»

መምህር ኖፍሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሴት ናት። ቁመቷ የሴት ቁመት ነው። መጎናጸፊያዋም የሴት መጎናጸፊያ ነው። ዓይን በሚያየው ልክ ሲለካ ከሥሯ ከስምንት ሰው በላይ አይገባም።»

«ለክተህ ነው?»

«ለክቼ ነው። ፍሎሬንሳ እንዲያ ነው የሚሠራው።»

«እንግዲያ ፍሎሬንሳ ውስጥ የሚድነው ስምንት ሰው ነው ማለት ነው» አለ ቦና፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ጩኸቱ መጣ። በርሜል ሠሪው «እኔስ» አለ። ዳቦ ጋጋሪዋ የሰባት ልጅ እናት መሆኗን አስታወሰች። ሰዉ የተቆጣው በሠዓሊው ብቻ አልነበረም። ስምንቱን በክፉ ዓይን ያይ ጀመር፤ ስምንቱም እርስ በርሳቸው ተጠጉ። ፍርሃት ያለበት ከተማ እንዲያ ነው፤ ለካ ጎረቤትህ የሚጠላህ በመጎናጸፊያ ጥላ ምክንያት ነው።

ሴር ላፖ እጁን አነሣ። «መምህር፣ እስከ ጰራቅሊጦስ እሑድ ድረስ እመቤታችንን እንደ አያ ፔትሩቾ ሥራ አሳድጋት። አለበለዚያ ብል የበላውን አሮጌውን ሰንደቅ እናወጣለን፤ ያንተ ከመጣበት ይመለሳል።»

«ሴት ደወል ቤት አይደለችም፣ ሴር ላፖ።»

«እኛም አተር አይደለንም። ግን መዳን እንፈልጋለን።»

ሜንኮ እስከዚያ በር አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን ሲያዞር ነበር። አሁን ወደ ፊት ወጣ። «ሴር ላፖ፣ የምታድግ ከሆነ፣ ለጄማም እንዲሆን ትንሽ ቢያሳድጋት።»

 ሴር ላፖ ዞሮ አየው።

የማኅበሩን ልማድ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አለቃው የአባላቱን ስም ቤት በቤት፣ በቃሉ ይጠራል፤ የተጠራው «አለሁ» ይላል፤ ከዚያ ጸሎት ይጀመራል። ወደ ቸነፈር ቤት የወረደ ሰው ግን ስሙ አይጠራም። ለክፋት አይደለም። ቢጠራና መልስ ባይኖር ዝምታው በሽታውን ወደ ቤቱ ይጠራዋል ተብሎ ይፈራል። ከፋሲካ ወዲህ ሴር ላፖ «ሜንኮ» ይላል፣ ሜንኮ «አለሁ» ይላል፣ ከዚያ በቀጥታ «ቦና»። በሁለቱ ስሞች መሐል ያለችውን ትንፋሽ የምታህል ክፍተት ከሜንኮ በቀር የሚሰማት የለም።

«ወንድሜ ሜንኮ» አለ ሴር ላፖ፣ «በግንቡ ውስጥ ላለነው ስፍራ አጣን። ከግንቡ ውጭ ያለውን ከጨመርኩ የት ላይ ላቁም?» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ወደዚያ ያወረድኳት እኔ ነኝ። የቸነፈሩን ቤት በር ስቸነክርባት ሚስማሩን ስቼ ጣቴን መታሁ፤ አይተኸኛል። ደግ ሰው አይደለሁም ብለህ አታስብ። ፈርቼ ነው።»

ሜንኮ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ለተቆጣ ሰው መመለስ ይቀላል፤ «ፈርቼ ነው» የሚልህን ግን ምን ትለዋለህ።

*

በነጋታው ሜንኮ ባቄላና አይብ ይዞ ወደ ጄማ ሲወርድ መምህር ኖፍሪ ተከተለው። ከተማው ውስጥ መቀመጥ አስጠልቶታል፤ ልጆች «ስምንት፣ ስምንት» እያሉ ይከተሉታል።

«ንገራት ብዬ ልልክህ አፍሬ ነው የመጣሁት» አለ። «እኔው እነግራታለሁ።»

«ምን ብለው?»

«የለሽበትም ብዬ።»

ከቸነፈሩ ቤት በታች አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ አለ። ጤነኛ ሰው ከዚያ አያልፍም። ሜንኮ ምግቡን ከሰገነቱ በገመድ በወረደው ቅርጫት ውስጥ አድርጎ ገመዱን ሳበ። ከላይ ግን የሚያነሣው ሰው ጠፋ።

«ጄማ?»

ዝም።

«ጄማ፣ ባቄላው ይቀዘቅዛል።»

«ሁልጊዜም ቀዝቃዛ ነው የምታመጣው» አለ ከውስጥ ድምፅ፤ ሜንኮ ተነፈሰ። ትንሽ ቆይቶ ጄማ ያጠበችውን አንሶላ ተሸክማ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ከራሷ በላይ በተወጠረው ገመድ ላይ ልትሰቅለው አንሶላውን በሁለት እጇ ዘርግታ ወደ ላይ አነሣችው።

መምህር ኖፍሪ የሚናገረውን ቃል ሲፈልግ ድንጋዩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ቀና አለ። አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከእሱ በላይ፣ በቅርብ፣ ሰገነት ላይ ያለች ሴት ነጭ አንሶላ ዘርግታለች። ከእሷ ኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ ሞንቴሉፓዮ በተራራው ላይ ተቀምጧል፤ ግንቡ፣ የደወሉ ቤት፣ የጭስ መውጫዎቹ፣ ያ ሁሉ ጣራ። ከተማው በሙሉ ከክንዶቿ በታች ነበር። ጄማ አጭር ሴት ናት። ግን ቅርብ ናት። ቅርብ ስለሆነች ከተማው ሁሉ ከአንሶላዋ ሥር ገብቶ ስፍራ ተረፈው።

«እጅሽን አታውርጂ» አላት።

«ማነው እሱ?» አለች ጄማ።

«ሠዓሊው ነው» አላት ሜንኮ።

«አንቺ ልጅ፣ ጥቂት ብቻ፣ እንዳለሽ ሁኚልኝ።» መምህር ኖፍሪ ከጉያው ወረቀትና ከሰል እያወጣ ነው።

«የታመመው እኮ ይሄ ብብቴ ነው» አለች ጄማ። አላጉረመረመችም፤ እንዲያውቀው ያህል ነው። እጇን ግን አላወረደችም። ከንፈሯን ነክሳ፣ ወደ ከተማው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ክብደቷን በአንድ እግሯ ላይ ጥላ ቆመች። ሜንኮ ከታች ሆኖ የራሱን ሁለት እጅ ወደ ላይ አንሥቶ ነበር፤ የሚያግዛት መስሎት ነው መሰለኝ፤ ማንም አልሳቀበትም።

*

ከዚያ በኋላ መምህር ኖፍሪ ሜንኮን የለመነው እንቁላል ነበር። የከተማ ዶሮ አስኳል ነጣ ያለ ነው፤ የገጠሩ ቀይ ይሆናል። ቀለም የሚለወሰው በአስኳል ስለሆነ፣ ለማለዳ ሰማይና ለነጭ ግድግዳ ነጣ ያለው ነው የሚመረጠው። ሜንኮ የጄማን ዶሮዎች እንቁላል በባርኔጣው አመጣለት። አብሮም ተቀምጦ አስኳሉን ከዛጎል ወደ ዛጎል እያገላበጠ ከነጩ ይለይለት ጀመር።

ሴር ላፖ ወደ ጸሎት ቤቱ ሲገባ ሠዓሊው ስምንቱን ሰዎች በቢላ ጫፍ እየፋቀ ነበር። ዳኛው ጠፍቷል። ቄሱ ጠፍቷል። ተራው የራሱ የሴር ላፖ ነበር።

«ያ እኔ ነኝ» አለ ሴር ላፖ።

«እርስዎ ነዎት።»

«እንዴት እንዲህ…» ቃሉን አልጨረሰውም። ከታች፣ በተፋቀው ስፍራ፣ ከተማው መታየት ጀምሯል። ሴር ላፖ ጎንበስ ብሎ አየ። ጣራዎቹ የጣት ጥፍር ያህላሉ። የራሱን ቤት አገኘው፤ መስኮቱ ክፍት ነው፤ በመስኮቱ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጥቁር ነገር አለች።

«ይቺ እናቴ ናት?»

«ሁልጊዜ እዚያ አይደል የምትቀመጠው።»

«ቦናም መስኮት አለው?»

«ሁሉም መስኮት አለው። ፊት የለም፤ ቤት ግን አለ። እመቤታችንም ሴት እንደሆነች ናት፤ ትልቅ አላደረግኳትም። ቅርብ አደረግኳት።»

ሴር ላፖ የሌሎቹንም መስኮቶች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ጣቱን ሳያስነካ ወደ ታች ጠቆመ። ከእመቤታችን ልብስ ጫፍ አጠገብ፣ ከከተማው ሁሉ በፊት፣ አንድ ሰገነት ያለው ቤት አለ። ከዳኛው አዳራሽ ይበልጣል።

«ይሄ የቸነፈሩ ቤት ነው።»

«ነው።»

«ለምን ከአዳራሹ በለጠ?»

«ለእሷ ቅርብ ስለሆነ ነው፣ ሴር ላፖ። ከዚያ ቆሞ ላየ ሰው እንዲያ ነው የሚታየው። እኔ የጨመርኩት የለም።»

ሴር ላፖ ወደ ሜንኮ ተመለከተ። ሜንኮ አስኳሉን እንደያዘ ነው። አለቃው ኮቱን ሰብስቦ ወደ በሩ ሄደ፤ ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ኪንታሮቴን ደህና አድርገህ ፋቀው» አለ፤ ወጣ።

*

የጰራቅሊጦስ እሑድ ምሕላው ወጣ። የሰንደቁን እንጨት የተሸከመው ሜንኮ ነው፤ ባለበቅሎ ስለሆነ ጫንቃው የለመደ ነው ተባለ። ሰዉ ከኋላ ሻማ ይዞ እየዘመረ ይከተላል። አንገቱን እያስረዘመ ሥዕሉን የሚያየው ግን ሁሉም ነው፤ ያየም ሰው ዝማሬው ይጠፋበታል፤ ፊቱ ይኮሳተራል። ሥዕሉ ከተማውን ከውጭ ያሳያል፤ እነሱ ያሉት ደግሞ ከውስጥ ነው። የትኛው ቤት የማን እንደሆነ አልለይ አላቸው።

«ይሄ ደግሞ የት አገር ነው?» አለ ቦና።

ታችኛው በር ደረሱ። ሰንደቁ ከበሩ አይወጣም፤ ከጥንት ጀምሮ እዚያ ሲደርስ ወደ ቀኝ ታጥፎ በግንቡ ውስጥ ይዞራል። የእመቤታችን ጥበቃ ከወጣ አይመለስም ይባላል፤ ያም «ይባላል» ነው። ሜንኮ ከበሩ ፊት ቆመ። ወደ ቀኝ አልታጠፈም። ወደ ፊትም አልሄደም፤ ልማድ ተላልፎ የማያውቅ ሰው ነው። ቆመ ብቻ።

«ሜንኮ፣ ታጠፍ» አለ ቦና ከኋላ።

«መምህር» አለ ሴር ላፖ፣ «ይሄ ሥዕል በትክክል የሚታየው ከየት ነው?»

«ከማጠቢያው ድንጋይ ነው፤ ከዚያ ቆሜ ነው የሣልኩት። ከሌላ ቦታ እንቆቅልሽ ነው።»

ሞና አኞላ የልጇን ክንድ ይዛ ነበር። «ላፖ፣ ልጄ» አለች፣ «እኔ ከየትም አላየውም። አንተ ግን ዓይን አለህ፤ ሰዉም ዓይን አለው።»

ሴር ላፖ የሻማውን ሰም ከእጁ ላይ ጠረገ። ከዚያ በሩን አልፎ ወጣ፤ በሩን ያለፈው መጀመሪያ እሱ ነው፤ ሜንኮ ተከተለው፤ ሌላውም ቀስ እያለ፣ እግሩ ቀዝቃዛ ውኃ እንደሚገባ ሰው እየሰቀጠጠው፣ ወጣ።

ከማጠቢያው ድንጋይ ዘንድ ሲደርሱ ሜንኮ እንጨቱን አቆመና ዞረ። ሰዉ ቀና አለ። ሥዕሉን አየ፤ ከሥዕሉ በላይ ከተማውን አየ፤ ደግሞ ሥዕሉን። መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪዋ ናት «የእኔ ምድጃ» ያለችው። ከዚያ ሁሉም መስኮቱን ይፈልግ ጀመር፤ ቦና የራሱን ሲያገኝ ቀልዱን ተወ፤ ለእሱ ያ ትልቅ ነገር ነው።

ሜንኮ የሚያየው ሰገነቱን ነበር። ሰገነቱ ባዶ ነው። ትናንትም ቅርጫቱን የሳበው ሌላ ሰው ነበር። ሥዕሉ በእጁ ላይ ከበደው።

በመጨረሻ የሰገነቱ በር ተከፈተ። ጄማ አንዲት አሮጊት ደግፋት ወጣች፤ ሻሿ ተጣሟል። ሰንደቁን ስታይ ቆየች።

«ሜንኮ።»

«ወይ።»

«ሰገነታችን ላይ ያቺ ትንሽ ነጭ ነገር የያዘችው ማናት?»

«አንቺ ነሽ።»

ጄማ ዓይኗን አጠበበች። «አንሶላውን ገልብጣ ነው የሰቀለችው» አለች።

ሳቁ ከፊት ተነሥቶ እስከ ኋላ ሄደ፤ ከቸነፈሩ ቤት መስኮቶችም የሳቀ ሰው ተሰማ። ሳቁ ሲበርድ የቅዳሜው ሥርዓት እሑድ ላይ ተጀመረ። ሴር ላፖ ስሞቹን በቃሉ፣ ቤት በቤት መጥራት ያዘ። «አለሁ» ይላል ሰዉ፣ «አለሁ»። ከድልድዩ ሰፈር ጀምሮ ወደ ታችኛው በር መጣ።

«ሜንኮ።»

«አለሁ።»

ያቺ ትንሽ ክፍተት መጣች። ሴር ላፖ ትንፋሹን ወሰደ። «ጄማ» አለ።

«አለሁ» አለች ከላይ፤ ቀጭን ናት፤ ግን እስከ ድንጋዩ ድረስ ተሰማች።

ሴር ላፖ ወደ ቦና ሊያልፍ ሲል ከመስኮቶቹ በአንዱ የሽማግሌ ድምፅ «እኔስ፣ ሴር ላፖ?» አለ። ከሌላው መስኮት ሴት ድምፅ ተከተለ። ከዚያም ሌላ። ሴር ላፖ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ፤ ቀና ብሎ ሁሉንም መስኮቶች አየ፤ ከድልድዩ ሰፈር፣ ከመጀመሪያው ቤት፣ እንደገና ጀመረ፤ አሁን ማንንም ሳይዘል።